ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ፎቶ

ይድረስ ለዋሽንግተን ዲሲ ከተማ አስተዳደር፣ በተለይም የግድግዳ ጽሑፍ ለሚያጠፉ ሠራተኞችና ለአለቆቻቸው
ግልባጭ፦ በዩ ስትሪት፣ በ9ኛው፣ በ14ኛውና በ18ኛው ጎዳና ሱቅና ምግብ ቤት ላላችሁ ለአገሬ ልጆች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው። ከተማችሁ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ቢሮዎቻችሁ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን እንኳ በፊደላችን መፈተን እንችላለን። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንድ ቦታ ብቻ በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፣ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ፎቶ አንሱት። ቀኑንና አድራሻውን ጻፉበት። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ሊያየው የሚችልበት ቦታ አስቀምጡት። አትንኩት አላልኩም። አጥፉት፣ ግን ምን እንደነበረ ይታወቅ።

ላለፉት ሦስት ዓመታት አንድ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው። 14 ደቂቃ ነው። ተራኪ የለውም፣ ቃለ መጠይቅም የለውም፣ የሙከራ ፊልም የሚባለው ዓይነት ነው። የሚያሳየው የዚችን ከተማ ግድግዳዎችና ከተማዋ በተቆጣችባቸው ቀናት ሰዎች የጻፉባቸውን ነገር ነው። ኑሮዬ መኪና መንዳት ስለሆነ ግድግዳ ማየት ሥራዬ ሆኗል፤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ሌላ የማየው ነገር የለኝም።

የምቀርጸው ሱፐር 8 በሚባል ትንሽ የፊልም ካሜራ ነው። አንዱ ጥቅል ፊልም ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው የሚይዘው፣ ውድም ነው፣ ስለዚህ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ግድግዳው ፊት ቆሜ ብዙ አያለሁ። አንዳንዱን ክፍል ግን ያለ ካሜራ ነው የሠራሁት። የታጠበውን ፊልም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ መብራት ከሥሩ አድርጌ፣ በመርፌ እየጫርኩ እጽፍበታለሁ። አንዷ ምስል ብትበዛ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። አንዲት ፊደል ስክሪኑ ላይ ለሦስት ሰከንድ እንድትቆይ ከፈለግኩ ያችን ፊደል 72 ጊዜ መጫር አለብኝ። እጄ ማሽን ስላልሆነ 72ቱም ይለያያሉ፣ ፊልሙ ሲታይ ፊደሏ ትንቀጠቀጣለች። እኔ የምወደው ያንን ነው። ዞር እያለ የሚጽፍ ሰው እጅ ይመስላል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የጻፍኩት «ሶል ብራዘር» የሚለውን ነው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማታ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ የሚለው ወሬ ሲደርስ፣ ሰዉ የተሰበሰበው 14ኛው ጎዳና ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነበር። ዛሬ ቡናችንን የምንጠጣበት፣ ክትፏችንን የምንበላበት ሰፈር ማለት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 13 ሰው ሞተ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ከ13 ሺህ በላይ ወታደር ከተማዋ ውስጥ ገባ። 14ኛው ጎዳና፣ 7ኛው ጎዳናና ኤች ስትሪት ተቃጠሉ፣ ብዙው ቦታም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ባዶ መሬት ሆኖ ቀረ። የዩ ስትሪት የባቡር ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። ከዚያ በፊት ሰፈሩን የሚያውቁ ታክሲ ነጂዎቻችን ምን ይመስል እንደነበር ይነግሯችኋል።

ያን ማታ ባለ ሱቆቹ ሳሙናም ይሁን ቀለም ያገኙትን ይዘው መስታወታቸው ላይ «ሶል ብራዘር» ብለው ጻፉ። የእናንተው ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ ሱቄን አትንኩብኝ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤትም ጽፎ ነበር፤ እሱማ ሰዓት እላፊው ታውጆ እንኳ እንዲሠራ ተፈቅዶለት አመፀኛውንም ፖሊሱንም ያበላ ነበር። እነዚያ መስታወቶች ግማሾቹ ተሰበሩ፣ ግማሾቹ ታጠቡ። የጥቂቶቹ ፎቶ አለ፤ ጋዜጠኛ በአጠገባቸው ስላለፈ ነው። ጋዜጠኛ ያላለፈበት ሱቅ ባለቤት ምን ብሎ እንደጻፈ ማን ያውቃል? ምናልባት ሌላ ቃል ጽፎ ይሆናል። ምናልባት የልጆቹን ስም ጽፎ ይሆናል።

52 ዓመት አለፈ። ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የዲሲ መሃል ከተማ ሱቆች በኮምፔንሳቶ መሸፈን ጀመሩ። እኔ አንዲት እትዬ የምላቸውን ባለ ሱቅ ልረዳ ሄጄ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። እኔ ሳንቃውን ይዤ፣ እሳቸው ሚስማሩን በከንፈራቸው ይዘው፣ ተራ በተራ እየመታን ነበር። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት የስፕሬይ ቆርቆሮ በከረጢት ይዞ መጣ። ጎረቤቶቹ ሱቆች ላይ «ንብረትነቱ የጥቁር ነው» እያለ ሲጽፍላቸው አይተነዋል። የእርስዎም ላይ ልጻፍልዎት ወይ አላቸው።

እትዬ ቶሎ አልመለሱም። ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡና ወደ እኔ ዞረው፣ በአማርኛ፣ «እኛም እዚህ ውስጥ አለንበት እንዴ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሴትዮዋ እዚህ አገር ከ25 ዓመት በላይ ኖረዋል። ቅጽ ሲሞሉ ጥቁር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል፣ ፖሊስ ልጃቸውን መንገድ ላይ ሲያስቆመው ከየት አገር መጣህ ብሎ አልጠየቀውም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሱቃቸው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ልጁ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ትንሽ አያቸው፣ ከዚያ «አዎ፣ አላችሁበት» አለ፣ እና ጻፈ። በጥቁር ቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር።

ሲሄድ እትዬ ዋጋ የሚጽፉበትን ማርከር ከጠረጴዛው አነሱ። ጎንበስ ብለው በሳንቃው ታችኛ ጥግ፣ ከመዳፌ በማይበልጥ ቦታ ላይ፣ «አለን» ብለው ጻፉ። በአማርኛ። ለማን እንደጻፉት አልጠየቅኳቸውም።

ፎቶ አላነሳሁም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ፊልም የመሥራት ሐሳብ ግን ያኔ አልነበረኝም። ከዓመት በላይ ቆይቼ ስጠይቃቸው ሳንቃው ሱቁ ሲታደስ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። እና ያችን «አለን» በመርፌ ጻፍኳት። አ 72 ጊዜ፣ ለ 72 ጊዜ፣ ን 72 ጊዜ። የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ግን አይደለም። የእሳቸው ለ አንድ እግሩ ረዘም ይል ነበር። ይህን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም እርግጠኛ የማልሆንበት ቀን ይመጣል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ሥራችሁን አልንቅም። ሰው ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ ወደ 311፣ ይደውላል፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ በግፊት ውኃ ያጥባል ወይም ቀለም ይቀባል፣ ባለቤቱም ፈቃዱን ከፈረመ ለግል ንብረት ጭምር ትሠራላችሁ። ድንጋይ ላይ ከሆነ ኬሚካሉ ቀለሙን ወደ ውስጥ እንዳይነዳው የሚያስፈልገውን ጥንቃቄም አውቃለሁ፤ ያለ ጥንቃቄ የታጠበ ድንጋይ ላይ የጽሑፉ ጥላ ለዓመታት ይቀራል። ባለ ሱቅ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ስም ተጽፎ ሲያገኝ ሆዱ እንዴት እንደሚቃጠል ከወገኖቼ ሰምቻለሁ። ከ2007 ጀምሮም የከተማው የሥዕል ፕሮግራም የሚጻፍባቸውን ግድግዳዎች ለወጣት ሠዓሊዎች እየሰጠ ብዙ ቆንጆ ነገር አሠርቷል። ይህን ሁሉ በጎ አያለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማው የ311 ጥሪዎችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። የግድግዳ ጽሑፍ ይጥፋልኝ የሚሉትንም አንብቤያለሁ፣ ብዙ ሌሊት። ቀኑ አለ። አድራሻው አለ። ሥራው ያለቀበት ቀን አለ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ግን የለም። ማለትም ከተማው ያጠፋበትን ቀን ያስታውሳል፣ ያጠፋውን አያስታውስም። የፊልሜ አምስት ደቂቃ ከዚህ የመጣ ነው። ከመዝገቡ አድራሻ እየወሰድኩ ሄድኩ፣ ያገኘሁትን አራት ማዕዘን ግራጫ ቀለም ቀረጽኩ። የተቀባው ቀለም ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። አንዳንዱ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ። ጡቡ ቀይ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ የነበረበት ቦታ በቁመቱና በስፋቱ ይታወቃል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ወይም አንድ ቃል ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ታውቃላችሁ። አንዱ ቦታ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ነበር።

ትልቁ ጽሑፍ ቢነሳም ይታወሳል፣ እሱ ዘመድ አለው። ጁን 5 ቀን 2020 ከተማው ራሱ ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት 16ኛው ጎዳና ላይ «ብላክ ላይቭስ ማተር» ብሎ በቢጫ ቀለም ሁለት ብሎክ ሙሉ ጻፈ። ከሳተላይት ታየ። ማርች 2025 ላይ፣ ኮንግረስ ውስጥ ለከተማዋ የሚሰጠውን የትራንስፖርት ገንዘብ የሚያስይዝ ረቂቅ ሕግ ከቀረበ በኋላ፣ በማሽን ሲነሳ እንኳ ካሜራ ሞልቶ ነበር። ያ አይረሳም። በማግስቱ፣ ጁን 6 ላይ፣ ሰዎች ያለ ፈቃድ ያደረጉትን ግን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? የከተማው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የዲሲ ባንዲራ ነበር፣ ሦስት ኮከብና ሁለት መስመር። ኮከቦቹን በቀለም ደመሰሷቸው። ሁለቱ መስመሮች የእኩል ይሆናል ምልክት ሆኑ። ከዚያ ቀጥለው «የፖሊስን በጀት ቁረጡ» ብለው በዚያው መጠን ጻፉ። በሐሳቡ መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው፣ እኔም ሁሉንም አልስማማበትም። ግን ከተማና ሕዝብ አንድ አስፋልት ላይ እንዲህ ሲነጋገሩ በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ እና የሕዝቡ ግማሽ ብዙም ሳይቆይ ተነሳ።

በዚያው ዓመት ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ባለው በላፋየት አደባባይ አጥር ላይ የተሰቀሉት ጽሑፎች ዕድለኞች ናቸው። በጎ ፈቃደኞች ቀንና ሌሊት ጠበቋቸው፣ ሰብስበው አቆዩዋቸው፣ ዛሬ በዲጂታል ይታያሉ። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም የምጠይቀው። እነዚያ ሰዎች ደመወዝ አልነበራቸውም።

ሌላም ልጨምር። በ80ዎቹ በቀዩ መስመር ባቡር የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኩል ዲስኮ ዳን የሚባል ልጅ ነበር። የሚጽፈው ያችኑ የመጠሪያ ስሙን ነበር፣ ከሐዲዱ ዳር በየግድግዳው፣ ለዓመታት። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ክራክ በሚባለው ዕፅና በግድያ ትታመስ ነበር። ስሙ ምንም አይጠይቅም፣ ማንንም አይሳደብም። በ2017 ሲሞት ትልልቅ ሰዎች አለቀሱለት፣ ምክንያቱም ያን ስም ባቡር ውስጥ ሆነው እየቆጠሩ ነው ያደጉት። ዛሬ በቦታው የቀረው በጣም ጥቂት ነው። በሜይ 1991 ማውንት ፕለዛንት ላይ አንድ የኤል ሳልቫዶር ስደተኛ በፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሰፈሩ ለቀናት ሲቃወም በስፓኒሽ የተጻፈውንም እንደዚሁ ፈልጌ ያገኘሁት ትንሽ ነው። እነሱም እንደኛ ስደተኞች ነበሩ፣ በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚጽፉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣሁ።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ የነገርኩት ለአጎቴ ነው። ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በ1969 ዓ.ም.፣ ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ ነበር። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጡ ነበር። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ጥግ ይዞ ያያል። እሱ የሚያየው ነበር። ጠዋት የቤቱ ባለቤት በኖራ እንዲያጠፋው ይታዘዛል። የሚጽፈው ጓደኛው አንድ ቀን ተያዘ፣ ከዚያ በኋላ አልታየም። አጎቴ ይህን የነገረኝ እኔ ይህን ፊልም ስጀምር ነው፣ ከዚያ በፊት በቤታችን አልተወራም። መንገድ ላይ ግራፊቲ ሲያይ ለምን ዝም እንደሚል ያኔ ገባኝ።

እና ፎቶ ይነሳ ስለው «ፎቶውን ማን ያየዋል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የእጅ ጽሑፍ ሰው ያስይዛል። ግድግዳ ላይ የጻፈ ልጅ እዚህም ይከሰሳል፣ ፎቶውም ማስረጃ ይሆንበታል። ስለዚህ ልመናዬን አስተካክዬዋለሁ። ፎቶዎቹ ፖሊስ ጋ አይሂዱ። በጂ ስትሪት ባለው በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ታሪክ የሚያስቀምጥ የሕዝብ መዝገብ ክፍል አለ፣ እነሱ ይያዙት። ጊዜ ይለፍበት፣ ከዚያ ይከፈት። ሰው አይነሳ፣ ግድግዳው ብቻ ይነሳ። የጥላቻ ጽሑፍ ከሆነ፣ የናዚ ምልክት ወይም የሰው ዘር መሳደብ፣ በዚያው ሰዓት ይጥፋ፣ ፎቶው ለአደባባይ አይዘርጋ፤ ግን እሱም ይቀመጥ፣ የተሰደበው ሰው አንድ ቀን እንዲህ ተብዬ ነበር ሲል ዋሸህ እንዳይባል። አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ግን አላለኝም። ለእሱ የሚሆን ሙሉ መልስ የለኝም። ለጓደኛው የሚሆን ግን አንድ ነገር አለኝ፦ በዚያ ሌሊት ምን ብሎ እንደጻፈ አጎቴ እንኳ ቃሉን በትክክል አያስታውሰውም። ትዝ የሚለው ቀለሙ ቀይ እንደነበርና አንዱ ፊደል ተሳስቶ እንደታረመ ነው።

አለቆች ሆይ፣ ሠራተኞቻችሁን ጠይቋቸው። ሁለቱን ሥራ ላይ አግኝቼ አዋርቻቸዋለሁ። አንዱ ደስ ያለውን ጽሑፍ ከማጥፋቱ በፊት በራሱ ስልክ ያነሳል፣ ስልኩን ሲቀይር ግን ይጠፋበታል። ይህን ሰውዬ የሚረዳው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው። በጀትም ብዙ አይፈልግም፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ አድራሻው መዝገቡ ላይ ተሞልቷል።

የአገሬ ልጆች፣ ለእናንተ የምለው ደግሞ ይሄ ነው። በ2020 መስታወታችሁን የሸፈናችሁበት ኮምፔንሳቶ እስከ ዛሬ ምድር ቤታችሁ ውስጥ፣ ከድስቱና ከወንበሩ ኋላ ተደግፎ ያለ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መደርደሪያ ሠርታችሁበታል፣ ገልብጣችሁ እዩት። ጥግ ጥጉን እዩት፣ ታችኛውን ጥግ በተለይ። የተጻፈበት ከሆነ እባካችሁ አትጣሉት። ቤተ መጻሕፍቱ ባይቀበለው እንኳ እኔ ቦታ አዘጋጅቻለሁ። መኪና አለኝ፣ መጥቼ እጭነዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይመቸኛል።